“ጣሊያን የሠራው” የሚሉ የድሮ ፎቶዎች እንዴት ይነበባሉ?

ባለፈው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። ጥቁርና ነጭ ነው። ከተራራ ተራራ የተዘረጋ የብረት ገመድ ይታያል። ገመዱ ላይ አንዲት የጭነት ሣጥን ተንጠልጥላ ገደሉን ታቋርጣለች። ከሥር ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ ሁለት ሰዎች እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሽቅብ ያያሉ። ፎቶው ላይ በቀይ ቀለም “ደሴ፣ 1920ዎቹ። ያኔ እንኳ ይሄ ነበረን!” ተብሎ ተጽፎበታል።

ከሥሩ ያው የለመድነው ጭቅጭቅ ነው። አንዱ “በአምስት ዓመት ይህን ሁሉ ሠርተው ሄዱ” ይላል። ሌላው “ባንዳ!” ብሎ ይመልስለታል። ሦስተኛው የሚስቅ ፊት ለጥፎ ያልፋል።

ፎቶው የደሴ አይደለም። ምጽዋን ከአስመራ ያገናኝ የነበረው የገመድ መስመር፣ ማለትም “ቴሌፌሪካው” ነው። ዓመቱ ደግሞ ይገርማል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ልክ ነው፣ በፈረንጆቹ ከሆነ ግን ስህተት ነው። ስለዚህ ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

ፒያሳና ካዛንቺስ መፍረስ ከጀመሩ ወዲህ እንዲህ ያሉ ፎቶዎች ስልካችንን ሞልተውታል። መንገድ፣ ድልድይ፣ ባቡር፣ ፋብሪካ፣ ሰው የሌለበት ሜዳ። ጣሊያን ጠቀመን ወይስ ጎዳን የሚለውን ክርክር እዚህ አልገባበትም። ፎቶዎቹን ማን አነሳቸው፣ እንዴትና ለምን ተነሱ፣ አንዱ ስልክዎ ላይ ቢደርስ በምን ዓይን ያዩታል የሚለውን ብቻ ላስረዳ።

“የቅኝ ግዛት ዘመን” ሲባል የቱ ነው?

ግማሹ ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሦስት የተለያዩ ታሪኮች በአንድ ቅርጫት ይገባሉ።

የመጀመሪያው የኤርትራ ነው። ጣሊያን ምጽዋን የያዘችው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው (ከዚህ በታች “ዓ.ም.” ካላልኩ በቀር ዓመቱ እ.ኤ.አ. ነው)። በ1890 “ኤርትራ” የሚል ስም ሰጥታ ቅኝ ግዛቴ ነው አለች። እስከ 1941 ቆየች። ግማሽ ምዕተ ዓመት ማለት ነው። የአስመራ ሲኒማ ቤቶች፣ ባቡሩ፣ ሊቶሪናው (ባለ ሞተሩ የመንገደኛ ባቡር)፣ እንደ አውሮፕላን ክንፉን የዘረጋው የፊያት ታሊየሮ ነዳጅ ማደያ፣ ሁሉም የዚህ ታሪክ ናቸው።

ሁለተኛው የኢትዮጵያ ነው። የጣሊያን ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ነው። ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ገቡ። በእነዚህ አምስት ዓመታት አርበኞች ጫካ ነበሩ። ለዚህ ነው እኛ “ቅኝ ግዛት” ሳይሆን “ወረራ” የምንለው። ጣሊያኖቹ ግን ፎቶዎቻቸው ሥር “ግዛታችን” ብለው ነው የጻፉት።

ሦስተኛው የጅቡቲ ባቡር ነው። ይህን የጣሊያን ሥራ አድርጎ የሚለጥፍ ሰው ሞልቷል። አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ በ1897 ከጅቡቲ ተነሳ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነው። የተሠራው በአብዛኛው በፈረንሳይ ገንዘብ ነው። “ለገሃር” የሚለው ስም ራሱ “ጣቢያው” የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። በአንጻሩ “ካዛንቺስ” ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። “ካዛ” ቤት ነው። “ኢንቺስ” ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው የጣሊያን ድርጅት የስሙ አህጽሮት ነው። አንዳንዴ የሰፈሩ ስም ከፎቶው መግለጫ የበለጠ እውነቱን ይነግራል።

ፎቶውን ማን አነሳው? ለማን ብሎ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺ የሚቀጠረው ሙሽሮቹን እንዲያነሳ ነው። ከጓሮ ወጥ የምትሠራዋ እናት አልበሙ ውስጥ ካልተገኘች ሠርጉ ላይ አልነበረችም ማለት አይደለም። ገንዘቡን የከፈለው ሰው እንድትነሳ አላዘዘም ማለት ነው።

በዚህ ዓይን ካየን የድሮዎቹ ፎቶዎች ከጥቂት ምንጮች የመጡ ናቸው። አንዱ ጦር ሠራዊት ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከተነሱት ቀደምት የመልክዓ ምድር ፎቶዎች ውስጥ ዋነኞቹን ያነሳው እ.ኤ.አ. በ1867 እና 1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ነው። ጦሩ የራሱን የፎቶ ክፍል ይዞ መጥቷል። አባላቱ መሐንዲሶች ናቸው፣ ካርታና ንድፍ በፎቶ ማባዛትም ሥራቸው ነበር። ቅኝ ግዛት ለመያዝ አልመጡም፣ ዓፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ሊያስፈቱ ነው። ነገር ግን ከምጽዋ በስተደቡብ ባለችው ዙላ ላይ ወደብ ሠሩ። አጭር የባቡር ሐዲድም ዘረጉ። ከህንድ 44 ዝሆኖች አመጡ። ይህን ሁሉ ፎቶ አነሱት። ዘመቻው ሲያልቅ ሐዲዱን ነቅለው ሄዱ። ፎቶው ቀረ።

ሌላው ነጋዴው ፎቶ አንሺ ነው። ጣሊያን ምጽዋን ከያዘች በኋላ የኒኮትራ ወንድማማቾች፣ ማውሮ ሌድሩ እና ሉዊጂ ናሬቲ እዚያ መሥራት ጀመሩ። ናሬቲ የሚለው ስም ለመቀሌ ሰው እንግዳ አይደለም። ለዓፄ ዮሐንስ ዙፋን የሠራው አናጢ ጃኮሞ ናሬቲ የሉዊጂ ዘመድ ነው። የእነዚህ ሰዎች ደንበኛ ወታደሩ፣ ሹሙና ጣሊያን አገር ያለው ሰብሳቢ ነበር። ከዚያ የፖስት ካርድ ዘመን መጣ። ፖስት ካርድ ላይ የሚወጣው የሚሸጥ ነገር ነው። አዲስ ድልድይ ይሸጣል። ግመልና ዘንባባ ይሸጣል። አሳዛኙ ነገር፣ የሴቶች ዕርቃን ገላም ይሸጥ ነበር።

ከሁሉ ትልቁ ግን የመንግሥት ካሜራ ነው። ኢስቲቱቶ ሉቼ ይባላል። ድርጅቱ በ1924 ተመሥርቶ በዓመቱ የፋሽስቱ መንግሥት ንብረት ሆነ። “ሉቼ” በጣሊያንኛ ብርሃን ማለት ነው። የሉቼን የዜና ፊልም ሲኒማ ቤቶች ሁሉ እንዲያሳዩ በሕግ ተገደዱ። በ1935 ጦርነቱ ሲቃረብ ሉቼ ለምሥራቅ አፍሪካ ልዩ የፎቶና የፊልም ክፍል አቋቁሞ አስመራ ላይ አስቀመጠ። ዛሬ የምናያቸው ጥርት ያሉ የመንገድ ሥራ ፎቶዎች ብዙዎቹ ከዚህ ቤት የወጡ ናቸው።

የወታደሮች አልበምም አለ። በ1930ዎቹ ትንንሽ ካሜራ ርካሽ ሆኖ ነበር። ተራው ወታደር ያየውን ሁሉ ያነሳል፣ ከፎቶ ቤት የገዛውንም ጨምሮ ይለጥፋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ፎቶ በአሥር አልበም ውስጥ ቢያገኙ አይደነቁ።

መንገዱ ላይ ሰው የሌለው ለምንድን ነው?

ይህ ከፖለቲካ በፊት የቴክኒክ ጉዳይ ነው። ካሜራ ውስጥ ብርሃን የሚቀዳው ልክ ውሃ እንስራ ውስጥ እንደሚቀዳ ነው። ቧንቧው ጠንካራ ከሆነ እንስራው ቶሎ ይሞላል። ምንጩ ቀጭን ከሆነ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። የዛሬ ስልክ ከሴኮንድ መቶኛ ባነሰ ጊዜ “ይሞላል”። የ1868ቱ ካሜራ ግን ሴኮንዶችን ይፈልጋል።

በዚያ ላይ ፊልም አልነበረም። አንሺው መስታወት ላይ የሚጣበቅ ፈሳሽ ይቀባል፣ መድኃኒት ያስነክረዋል፣ ሳይደርቅ ያነሳል፣ ሳይደርቅ ያጥበዋል። የጨለማ ድንኳኑን፣ መስታወቱንና ጠርሙሱን በበቅሎ ጭኖ ነው የሚዞረው። እስቲ ሰንዓፈ ዳገት ላይ ይህን አስቡት።

ታዲያ በእነዚያ ሴኮንዶች ውስጥ የሚራመድ ሰው መስታወቱ ላይ አይቀመጥም። ጭጋግ ሆኖ ያልፋል ወይም ከናካቴው ይጠፋል። ገበያው ጭር ያለ ይመስላል። ቆሞ የተነሳው ሰው ደግሞ “አትንቀሳቀስ” ተብሏልና ፊቱ የተቆጣ ይመስላል። አያቶቻችን በፎቶ ላይ የማይስቁት ኩሩ ስለነበሩ ብቻ አይደለም።

ከ1880ዎቹ ወዲህ ደረቅ መስታወት፣ ቀጥሎም ፊልም መጣና ይህ ችግር ቀለለ። ስለዚህ በ1868 ፎቶ ላይ ባዶ መንገድ ብናይ ጥፋቱ የካሜራው ሊሆን ይችላል። በ1937 ፎቶ ላይ ባዶ ሜዳ ካየን ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን።

ሌላው ምክንያት ምንድን ነው?

መሬት ነው። አውሮፓዊ ገበሬ አምጥቶ ለማስፈር ያሰበ መንግሥት በመጀመሪያ “መሬቱ ባዶ ነው” ማለት አለበት። ለዚህ ደግሞ ፎቶ ጥሩ ምስክር ይመስላል። ሰፊ ሜዳ፣ ሩቅ ተራራ፣ አንድም ጎጆ የለም።

የእኛ ገበሬ ግን መሬቱን ጦም ያሳድራል። ዘንድሮ ያልታረሰው የሚመጣው ዓመት ይታረሳል። የጋራ ግጦሽም አለ። በየትኛው ወር እንደተነሳም ይወስነዋል። መስከረም ላይ ቢጫ በቢጫ የሆነው ማሳ ሚያዝያ ላይ ምድረ በዳ ይመስላል። ፎቶው ይህን አይናገርም። ባለቤት ያለውን ጦም አዳሪ መሬት ባለቤት ከሌለው መሬት መለየት አይችልም።

ውጤቱ ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ሊዮፖልዶ ፍራንኬቲ የተባለው ባለሥልጣን በኤርትራ ደጋ ጣሊያናውያንን ለማስፈር መሬት ማስወሰድ ጀመረ። በታኅሣሥ 1894 ደጃዝማች ባህታ ሓጎስ አካለ ጉዛይ ላይ ያመፁት በዚሁ የመሬት ጉዳይ ጭምር ነው። ደጃዝማቹ ተገደሉ። ከአድዋ በፊት ወደ ጦርነት ካደረሱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በወረራው ዘመንም ያው ሐሳብ ተመለሰ። ሆለታና ቢሾፍቱ ላይ ለቀድሞ ወታደሮች እርሻ ተመደበ። ጨርጨር “የኢትዮጵያ ፑልያ”፣ ወገራ ደግሞ “የኢትዮጵያ ሮማኛ” ተባሉ። ሁለቱም የጣሊያን ክፍለ ሀገር ስሞች ናቸው። ፎቶ በብዛት ተነሳ። የመጣው ገበሬ ግን ከታሰበው እጅግ ያነሰ ነበር።

ባቡሩና መንገዱስ ለምን ተሠሩ?

የኤርትራ ባቡር የመጀመሪያ ፎቶዎች ላይ ትንሽ ሎኮሞቲቭ በበረሃ ስትጓዝ ትታያለች። ሲያዩት የንግድ መስመር ይመስላል። የቀኑን ቅደም ተከተል ካዩ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ጥር 1887 ላይ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ አንድ የጣሊያን ጦር ደመሰሱ። ከ400 በላይ ጣሊያናውያን ሞቱ። ሮም ደነገጠች። በዚያው ዓመት ከምጽዋ ወደ ሰዓጢ ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ፣ በ1888 አለቀ። 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰዓጢ ምሽግ ነበር። ባቡሩ የተሠራው ወታደርና ስንቅ እንዲያመላልስ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተንቀራፈፈ። ጊንዳዕ የደረሰው በ1904 ነው። አስመራ የገባው በ1911 መጨረሻ ነው። ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2300 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ርቀቱ ግን 118 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በአርባሮባ በኩል እንደ እባብ የሚጠማዘዘው ፎቶ የታወቀ ነው። በእውነቱ ድንቅ ሥራ ነው። ይህን ማለት ክህደት አይደለም።

የአክስቴ ልጅ የላከው ቴሌፌሪካም እንደዚሁ ነው። በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ምጽዋ ወደብ በመርከብ ተጨናነቀ። ባቡሩና መንገዱ ጭነቱን መሸከም አቃታቸው። ስለዚህ ቼሬቲ ኤ ታንፋኒ የተባለ የሚላኖ ኩባንያ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የገመድ መስመር ዘረጋ። በ1937 አለቀ። በዘመኑ ከዓለም ረጅሙ ነበር። እንግሊዞች በ1941 ኤርትራን ከያዙ በኋላ ፈታቱት። ስለዚህ “ያኔ እንኳ ይሄ ነበረን” የሚለው ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። ነገሩ ደሴ አልነበረም። የታቀደውም የኢትዮጵያን ወረራ ለመቀለብ ነው።

የጣርማ በር ዋሻና የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድም በዚያው ወቅት የተሠሩ ናቸው። መንገዱ ጦርና አስተዳደር እንዲንቀሳቀስ ነበር። እኛ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ሄድንባቸው። ሁለቱም እውነት ነው። ጎማ፣ ፌሮ፣ ባሬላ፣ ፋብሪካ እያልን እስከ ዛሬ የምናወራውም የዚያ ዘመን ነገር ጥቂት በቋንቋችን ስለቀረ ነው።

ሠራተኛው የት አለ?

የሉቼን የመንገድ ሥራ ፎቶዎች ሲያዩ አንድ ነገር ይደጋገማል። መሐል ላይ ሸሚዙን ያወለቀ ጣሊያናዊ ዶማ ይዞ ይታያል። ይህ በአጋጣሚ አይደለም። ሞሶሎኒ የሚፎክረው “የእኛ ግዛት የሠራተኛ ግዛት ነው” እያለ ነበር። በ1936 አካባቢ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ጣሊያናውያን የጉልበት ሠራተኞች በምሥራቅ አፍሪካ እንደነበሩም እውነት ነው። ቤታቸው ሥራ ያጡ ድሆች ናቸው።

ነገር ግን ጣሊያናዊው ሠራተኛ ውድ ነው። ለተመሳሳይ ሥራ ከአገሬው ሰው ብዙ እጥፍ ይከፈለዋል። ስለዚህ ከ1937 ወዲህ ብዙዎቹን እየመለሱ ሥራውን በአገሬው፣ በሱዳንና በየመን ሠራተኛ ተኩ። ፎቶው ላይ እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ ናቸው። ጀርባቸውን የሰጡ፣ ግማሽ አካላቸው የተቆረጠ፣ ድንጋይ የተሸከሙ። የመሐንዲሱ ስም ከሥር ይጻፋል። እነሱ “የአገሬው ተወላጅ” ይባላሉ።

እኔ በበኩሌ ፎቶ ሳይ ከጥግ መጀመር የለመድኩት ለዚህ ነው። አንሺው መሐሉን ያስባል። ጥጉን የሚሞላው ግን እዚያ የነበረው ነገር ነው።

ያልተነሳውስ?

የመርዝ ጋዙ ነገር አለ። የጣሊያን ጦር በጦርነቱ ዓመታት ኢፔሪት የተባለ የሚያቃጥል መርዝ ከአውሮፕላን ጥሏል። ጋዜጦች እንዳይጽፉት ተከለከሉ። በመንግሥት ካሜራ የተነሳው ጦርነት የድልድይና የባንዲራ ጦርነት ነው። ቁስሉን ያዩትና የመሰከሩት የቀይ መስቀል ሐኪሞች ናቸው። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ስልሳ ዓመት ፈጀ። “ፎቶው የታለ?” እያሉ ሲከራከሩ የኖሩ ሰዎች ነበሩ።

የየካቲት 12 ታሪክ ግን ተቃራኒ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ በአዲስ አበባ ለሦስት ቀናት ሰው ታረደ፣ ቤት ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ይለዋል። የግፉን ፎቶ ያነሱት ራሳቸው ወታደሮቹና ጥቁር ሸሚዝ የሚለብሱት የፋሽስቱ ሚሊሻዎች ናቸው። ለጉራ ነው ያነሱት። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን ሰብስቦ የጦር ወንጀል ማስረጃ አድርጎ አሳተማቸው። ማስታወሻ ይሆነኛል ብሎ ያስቀመጠው ፎቶ በራሱ ላይ መሰከረ።

ታዲያ እነዚህ ፎቶዎች ውሸት ናቸው?

አይደሉም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ያነሷቸው ሰዎች በሕልማቸውም ያላሰቡት ጥቅም ላይ ውለዋል። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ጣፋጩ ክፍል ይህ ነው።

“ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ ደን ነበር” የሚለውን ሁላችንም ትምህርት ቤት ሰምተናል። የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ እና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ1868ቱን የመቅደላ ዘመቻ ፎቶዎች ይዘው ወደ ሰሜን ሄዱ። ያኔ ካሜራው የቆመበትን ትክክለኛ ቦታ ፈለጉ። ተራራው ከተራራው ጋር እስኪገጥም ወዲህና ወዲያ እያሉ፣ በዚያው ማዕዘን እንደገና አነሱት። “ደግሞ ማንሳት” ልንለው እንችላለን።

ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ብዙዎች ያልጠበቁት ነገር ታየ። በ1868 ብዙው ኮረብታ የተራቆተ ነበር። በብዙ ቦታ ዛፉና ቁጥቋጦው የበዛው አሁን፣ እርከን ከተሠራና ተራራው ከከብት ከተከለለ በኋላ ነው። ይህ ለሰሜኑ ደጋ እንጂ ለመላው አገር አይደለም። ከፋና ኢሉባቦር ሌላ ታሪክ ነው። ቢሆንም “ድሮ ሁሉም ጫካ ነበር” የሚለው አባባል በእነዚህ ተራሮች ላይ አይሠራም። ይህን የነገረን ካርታ ሊሠራ የመጣ የጦር ካሜራ ነው።

ሁለተኛው ስብስብ ከሰማይ የተነሳ ነው። ከ1935 እስከ 1941 የጣሊያን ወታደራዊ ጂኦግራፊ ተቋም ካርታ ለመሥራት ኢትዮጵያን ከአውሮፕላን ያነሳ ነበር። ፎቶዎቹ በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው፣ ለዓመታት አዲስ አበባ በኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት ውስጥ ተቀምጠው ኖሩ። ሲቆጠሩ 8281 ሰሌዳ ሆኑ። በእያንዳንዱ ላይ አራት ፎቶ አለ፤ አንዱ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሌሎቹ በጎን። አሁን በኮምፒውተር ተገጣጥመው የትኛው ወንዝ አቅጣጫ እንደለወጠ፣ የትኛው ቦረቦር ከመቼ ወዲህ እንደሰፋ፣ የትኛው ደን እንደነበረ ይጠናባቸዋል። ለወራሪ ጦር ካርታ ተብሎ የተነሳ ፎቶ ዛሬ እርከን የት እንደሚሠራ ለማወቅ ይረዳል።

አንድ ፎቶ ሲደርሰኝ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ጀርባውን ይፈልጉ። በቴሌግራም የመጣ ፎቶ ጀርባ የለውም፣ ዋናው ችግርም ይህ ነው። ፎቶውን በጎግል ሌንስ ፈልጉት። ብዙ ጊዜ ከነመግለጫው የተቀመጠበት ቤተ መዛግብት ይወጣል። የሉቼ ስብስብ ኢንተርኔት ላይ አለ። በ2013 ዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። እዚህ ደግሞ ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ።

ዓመቱን ሲያዩ ይጠንቀቁ። ሦስት አቆጣጠር ይደባለቃል። የእኛ፣ የፈረንጆቹና የፋሽስቱ። የአክስቴ ልጅ ፎቶ ላይ ያለው “1920ዎቹ” በእኛ ልክ፣ በፈረንጆቹ ስህተት የሆነው ለዚህ ነው። ፋሽስቶቹ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1922 ሥልጣን ከያዙበት ቀን ጀምሮ በሮማ ቁጥር ይቆጥሩ ነበር። ቁጥሩ ላይ 1922 ይደምሩ፤ ያ የፋሽስት ዓመት የሚያልቅበትን ዓመት ያገኛሉ። 14 ከሆነ ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 ነው። ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ያለው፣ አናቱ ላይ አንበሳ የተቀመጠበት ጠመዝማዛ ደረጃ በዚሁ ሒሳብ የተሠራ ነው። እያንዳንዱ እርከን አንድ የሞሶሎኒ የሥልጣን ዓመት ነበር። አንበሳው የኛ ጭማሪ ነው።

ዛፉንም ይዩ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ባሕር ዛፍ የሞላበት ተራራ “የቴዎድሮስ ዘመን” ተብሎ ከመጣልዎ ይሳቁና ይለፉት። ጽሑፍ ካለበት ፊደሉ ወደ ኋላ ዞሮ እንደሆነ ይመልከቱ። የመስታወት ሰሌዳ ተገልብጦ ሲታተም ግራው ቀኝ ይሆናል።

ቀለም የተቀባ ፎቶ ደግሞ የሰማዩ ሰማያዊነትና የጥበቡ አረንጓዴነት የኮምፒውተር ግምት ነው። ከባሰም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ከዜሮ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ጣቶቹን፣ የባቡሩን ጎማና የጽሑፉን ፊደል አጉልተው ይመልከቱ። ጎማው ሐዲዱን ካልነካ ነገሩ አልቋል።

እኔም ለአክስቴ ልጅ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ፎቶውን አጉልቼ የግራውን ጥግ ብቻ ቆርጬ መለስኩለት። እዚያ ገመዱን የሚይዘው ምሰሶ ሥር፣ በባዶ እግሩ የቆመ፣ ትከሻው ላይ የገመድ ጥቅል የተሸከመ ሰው አለ። ግማሽ ፊቱ ከፎቶው ውጭ ነው።

ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መለሰልኝ።

“አንተ፣ ይሄን ሰውዬ እኮ አላየሁትም ነበር።”